በአንቀጽ 25 ላይ «ሌላ አቋም» የተባለው ምንድን ነው?

ጠያቂው ከደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ቅዳሜ አክስቴ ቤት ቡና ተጠርተን ሳለ ስለ ተመሳሳይ ጾታ መብት ክርክር ተነሣ። ሕግ የሚማረው ልጃቸው ጠርዙ የተጣጠፈ ሕገ መንግሥቱን አምጥቶ አንቀጽ 25ን አነበበልንና «ወይም በሌላ አቋም ምክንያት» ከሚለው ላይ ጣቱን አሳረፈ። አቋም የሰው ሁኔታ ስለሆነ እነርሱም በዚህ ይጠበቃሉ አለ። አክስቴ ግን አቋም ሰው አስቦ የያዘው ሐሳብ ነው፣ ይህን ነገር ምን አገባው ብለው ተቆጡ። ቡናው በረካ ደርሶም አልተስማማንም። ቃሉ ለማን ይፈርዳል?

ዘዋድላ፦
ቁመት፣ ቋሚ፣ ተቋምና አቋም ሁሉም ከግእዙ «ቆመ» የወጡ ናቸው። በማኅሌት አቋቋም የምንለው ደግሞ ከመምህር እግር ሥር ዓመታት ተቀምጠው የሚማሩት ሥርዓት እንጂ ይዘውት የሚወለዱት አይደለም። ስለዚህ አክስትህ ልክ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በጉዳዩ ላይ የታወቀ ነውና አልደግመውም፤ የቅኔ ቤት ሰው ግን ቃልን ከሥሩ ሳይመረምር አይፈርድም።

የኮምቦልቻዋ፦
መምህር፣ ሥሩ ከግእዝ አጥር ይወጣል። ዐረብኛውም «ቃመ» ነው፤ ለሶላት መቆማችንን የሚያውጀው ኢቃማ ከዚያ የመጣ ነው። «ቀውም» ማለትም ሕዝብ ማለት ሲሆን ሥሩ ያው ነው፤ በቁርኣን ሱረቱ ሁድ «ቀውመ ሉጥ» (የሎጥ ሕዝብ፣ ማለትም የሰዶም ሰዎች) የተባሉት በዚህ ቃል የተጠሩ ናቸው። ሸሪዓው ድርጊቱን ሐራም ማለቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ እኔን የገረመኝ የተወገዙት ሰዎች መጠሪያና መብት የሚሰጠው አንቀጽ ከአንድ ሥር መብቀላቸው ነው።

ዘዋድላ፦
እኅቴ፣ ዝምድናውን አልክድም፤ ነገር ግን ቃል የሚተረጐመው በሚነገርበት ቋንቋ ነው። በአማርኛ «አቋሜን አልለውጥም» የሚል ሰው ሐሳቡን ማለቱ ነው።

ዲያቆን ከሐይቅ፦
መምህር ይፍቀዱልኝ። «የአካል አቋም» ስንልስ ሐሳብ ማለታችን ነው? ጌታ በማቴዎስ 6፥27 በቁመቱ ላይ አንድ ክንድ መጨመር የሚችል ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ከዚሁ ሥር የወጣው ቁመት ሰው ያልመረጠው ነገር መሆኑን ያሳየናል። ቃሉ ለያዙትም ለተፈጠሩበትም ይሆናል። ይህን የምለው ድርጊቱን ላጸድቅ አይደለም፤ የቃሉን ግማሽ ቆርጠን እንዳንጥል ብዬ ነው።

የሕግ ባለሙያው፦
ያዙት ወይስ ተፈጠሩበት የሚለው ክርክር አንቀጹን ራሱን ስታነቡት ይፈርሳል፤ ዝርዝሩ ዘርን፣ ቀለምንና ትውልድን ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ጋር አንድ ላይ ደርድሮ ነውና «ሌላ» የሚለው። በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ስለሆነ ይህ ቃል ቀላል አይደለም። የሁለንተናዊው የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ የአማርኛ ትርጉም በዚያው ቦታ «ደረጃ» ነው ያለው። አንቀጽ 13 ደግሞ መብቶቹ ከዓለም አቀፍ ስምምነቶች ጋር ተጣጥመው እንዲተረጐሙ ያዛል፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ በ1994 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በአውስትራሊያ ጉዳይ ላይ ሲወስን «ጾታ» የሚለው ቃል የጾታ ዝንባሌንም ይጨምራል ብሏል። በሌላ ወገን አንቀጽ 34 ጋብቻን ለ«ወንዶችና ሴቶች» ይሰጣል፣ በእኛ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ድርጊቱን ይቀጣል። ልብ በሉ፤ የወንጀል ሕጉ ቃል «ግብረ ሰዶም» ነው፣ «ግብር» ሥራ ነው፤ አንቀጽ 25 የሚናገረው ግን ስለ ሥራ ሳይሆን ስለ ሰው ነው። ድርጊቱ በሕግ የሚያስቀጣ መሆኑ ሰውየውን ከሕግ ጥበቃ ውጭ አያደርገውም፤ ይህን ሳልታክት እናገራለሁ።

ዘዋድላ፦
ስለ ግብር ያሉትን እቀበላለሁ። ነገር ግን በ«ግብረ ሰዶም» ውስጥ ሰዶም አገር ናት ወይስ ኃጢአት? ሕዝቅኤል በ16፥49 የሰዶምን ኃጢአት ሲቆጥር ትዕቢትንና እንጀራን መጥገብን ነው ያስቀደመው።

የኮምቦልቻዋ፦
ታዲያ መምህር፣ ድኻ እየራበው የሚጠግበው ሁሉ በዚህ ስም ሊጠራ ነው?

ጠያቂው ከደሴ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አክስቴ የዲያቆኑን መልስ ሁለት ጊዜ አስነብበውኝ ዝም አሉ፤ ልጃቸው ግን ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው እያለኝ ነው። «አቋም» የሚለውን ቃል ምክር ቤቱ በየትኛው ፍቺ ይይዘዋል?