የኦዲዮ ኤግዚቢሽን ላይ ከሰማነው ድምፅ ስንቱ የስፒከሩ፣ ስንቱ የክፍሉ ነው?

ሸክላ_አዟሪ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሆቴል ውስጥ በተዘጋጀ የሃይ ኤንድ (ውድና ከፍተኛ ጥራት ያለው) ኦዲዮ ኤግዚቢሽን ላይ የሰማኋቸው ሦስት ክፍሎች እርስ በርስ አልታረቁልኝም።

አንደኛው ክፍል ውስጥ የቆሙት እያንዳንዳቸው ሁለት ባለ10 ኢንች ዉፈር (የባስ ድምፅ ማውጫ) ያላቸው ትልልቅ የወለል ስፒከሮች ናቸው። አቅራቢው ሴት ድምፃዊና ጊታር ብቻ ሲያጫውት ድንቅ ነበር። አንድ ጎብኚ ባስ ጊታር የበዛበት ሥራ ሲያስከፍት ግን ክፍሉ በጉርምርምታ ተሞላ፣ ኖታ መለየት አልተቻለም። የተቀመጥኩት መጨረሻው ረድፍ፣ ግድግዳው ሥር ነው።

ሁለተኛው፦ ስታንድ ላይ የተቀመጡ ባለ6 ኢንች ትንንሽ ስፒከሮች። ዘፋኙ መሃል ላይ የቆመ ያህል ይሰማል፣ ባሱ ግን ቀለል ያለ ነው። እዚህ የፊት ረድፍ መሃል ነበርኩ።

ሦስተኛው፦ ሆርን ስፒከር (ድምፁ መለከት በሚመስል አፍ የሚወጣ) ከ8 ዋት የቲዩብ አምፕ (በቫኩም ቱቦ የሚሠራ ማጉያ) ጋር። በሩ ላይ ሆኖ ሲሰሙት ለስላሳ፣ 2 ሜትር ላይ ሲቀመጡ ጆሮ የሚወጋ።

የኔ ክፍል 5 በ4.2 ሜትር ነው፣ ከፍታው 2.6። ሶፋው የኋላውን ግድግዳ ተደግፏል፣ አምፑ ባለ60 ዋት ትራንዚስተር ነው። ከሰማሁት የትኛውን ልመን?

ሜትር_በእጄ

ባሱን አትመን። ከሱ በላይ ያለውን በአብዛኛው እመን። በትንሽ ክፍል ውስጥ ከ200–300 ሄርዝ (የድምፁ ርግብግቢት በሰከንድ፤ ሲያንስ ባስ፣ ሲበዛ ቀጭን ድምፅ ነው) በታች የሚወስነው ክፍሉና የተቀመጥክበት ቦታ ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ የስፒከሩ ድርሻ እየጎላ ይሄዳል።

ሒሳቡ አያስቸግርም። 172ን በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ባለው ርቀት በሜትር አካፍለው፤ ያ ቁጥር ክፍሉ መጀመሪያ የሚያስተጋባበት ሄርዝ ነው። ሆቴል ውስጥ ስፒከሩን በረጅሙ ግድግዳ በኩል ማቆም የተለመደ ነው፤ ከስፒከሩ ጀርባ ካለው ግድግዳ እስከ አድማጩ ጀርባ ግድግዳ ያለው 4 ሜትር ከሆነ 43 ሄርዝ ይመጣል። የባስ ጊታር ወፍራሟ ክር፣ ኢ የምትባለው ኖታ፣ 41.2 ሄርዝ ናት፤ ቀጥላ ያለችው ኤፍ 43.7። ኤ ግን 55 ላይ ናት። ኢ እና ኤፍ ሲመቱ ክፍሉ አብሮ ይጮሃል፣ ኤ ላይ ዝም ይላል። አንተ ደግሞ ግድግዳ ሥር ነበርክ፤ የሞገዱ ግፊት የሚበረታው እዚያው ነው።

ጊታሩ ያላጋለጠው ለምንድን ነው? የተራ ጊታር ወፍራሟ ክር 82.4 ሄርዝ ናት፣ የሴት ድምፅም ከዚያ በላይ ነው። 43ን የሚነካ ነገር በሙዚቃው ውስጥ አልነበረም። አቅራቢዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ የዘፈን ምርጫቸው ሁሌ የጣዕም ጉዳይ እንዳይመስልህ።

ሌላ ጊዜ እንዲህ ፈትን፦ ያው ዘፈን እየተጫወተ ከኋላው ግድግዳ ተነስተህ ወደ ክፍሉ መሃል ሂድ። በዚህ ምሳሌ መሃሉ ላይ 43 ሄርዝ ይጠፋል። ጉርምርምታው አብሮ ከጠፋ ጣጣው የክፍሉ ነው። ሁሉም የባስ ኖታ የትም ብትቆም እኩል ካበጠ ግን ስፒከሩን ጠርጥር።

በስስ ሳንቃ በተገጣጠሙ ዳሶች ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ባሱ በሳንቃው አልፎ ስለሚወጣ ስፒከሩ የቀጠነ ይመስላል፣ የጎረቤቱ ከበሮ ደግሞ ወዳንተ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2025 ሙኒክ ሲካሄድ የቆየው፣ ለ2026 ወደ ቪየና እንዲዛወር የተወሰነው «ሃይ ኤንድ» የተባለው ኤግዚቢሽን ሁለቱም ነበረው፤ ክፍት አዳራሽም፣ ዝግ ክፍልም። አንድ ስፒከር አዳራሽ ውስጥ ሰምተህ ሌላውን ዝግ ክፍል ውስጥ ሰምተህ ማወዳደር ዋጋ የለውም።

ወዳንተ ቤት ስንመጣ 5 ሜትሩ 34፣ 4.2ው 41፣ ከፍታው 66 ሄርዝ ይሰጣል። ሶፋው ግድግዳ እንደተደገፈ ባለሁለት ዉፈሩን ብታስገባ ያንኑ ጉርምርምታ ቤትህ ወሰድከው ማለት ነው። የትንሹ ስፒከር ባስ መቅለሉ ላንተ ጉድለት ላይሆን ይችላል። ሶፋውን ከኋላው ግድግዳ 1.9 ሜትር ያህል፣ ማለትም የርዝመቱን 38 በመቶ፣ ወደፊት አምጥተህ ጀምር። መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ ከዚያ በ20 ሳንቲሜትር እያንቀሳቀስክ ስማ።

ፒንክ_ኖይዝ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ግን ከባስ ይልቅ ሰው የሚሸወደው በቮሊዩም ነው። አንዱ ከሌላው በ1 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ሲበልጥ ጆሮ «ጮኸ» አይልም፣ «ጠራ» ነው የሚለው። በደንብ ለማወዳደር ልዩነቱ ከ0.2 ዴሲቤል መብለጥ የለበትም፤ ኤግዚቢሽን ላይ ይህ አይገኝም። ስልክህ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫንና በየክፍሉ የነበረውን መጠን ቢያንስ ጻፈው። አንዱ ክፍል 78፣ ሌላው 90 ዴሲቤል ላይ ከሆነ ያወዳደርከው ሁለት ስፒከር ሳይሆን ሁለት ቮሊዩም ነው።

የጆሮ ድካምም አለ። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም፣ ናዮሽ፣ ለሥራ ቦታ የሚመክረው ገደብ 85 ዴሲቤል ላይ 8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ። ሲመሽ የሰማኸው ትዊተር (የቀጭን ድምፅ ማውጫው) «ወጋኝ» ካልክ ጠዋት ተመልሰህ ስማው።

የራስህን ሙዚቃ በፍላሽ ያዝ። 16 ቢት፣ 44.1 ኪሎሄርዝ ፍላክ (ጥራቱ ሳይቀንስ የታመቀ ፋይል) ብዙ ማጫወቻ ይቀበለዋል፤ እምቢ ካለ ብለህ ያንኑ በዌቭ (ያልታመቀ ፋይል) ጨምርበት። አምስት ሥራ ይበቃል፣ ከእያንዳንዱ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አትለፍ፤ ወረፋ አለ። አንዱ ያለ ሙዚቃ የሚናገር ወንድ ይሁን። ሰው ሲናገር ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን፤ ከደረት የሚወጣ ጉርናት ከበዛበት ከ100–200 ሄርዝ አካባቢ አብጧል ማለት ነው። አንዱ ብዙ ድምፅ ያለበት ኅብረ ዝማሬ ይሁን፤ ብቻውን ያለ ድምፅ ያልገለጠው መደበላለቅ እዚያ ላይ ይወጣል።

አቅራቢው ከፈቀደልህ 20 ሰከንድ ሞኖ ፒንክ ኖይዝ (ከሁለቱም ስፒከር እኩል የሚወጣ፣ ፏፏቴ የሚመስል ሹሹታ) አስከፍት። ከሁለቱ ስፒከሮች መካከል ከአንዲት ጠባብ ቦታ መውጣት አለበት። ተበትኖ በሁለቱም ጎን ከተሰማና ባሱ ከሳሳ የአንዱ ስፒከር ፕላስና ማይነስ ተገላብጧል። በጥድፊያ ሲገጣጠም የሚያጋጥም ነገር ነው፤ በትሕትና ንገራቸው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ኖይዙ እየሄደ ተነስ፣ ተቀመጥ። ቀለሙ ከተቀያየረ ያ ስፒከር የጆሮን ከፍታ ይመርጣል።

ነጠላ_ቲዩብ

ሦስተኛውን ክፍል ማንም አልነካውም። ሆርኑ 2 ሜትር ላይ የወጋህ መጥፎ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። የትልቅ ሆርን የመሃልና የላይኛው ድምፅ የሚወጡት ከተራራቁ አፎች ነው፤ ቅርብ ስትሆን ጆሮ ለያይቶ ይሰማቸዋል። 3.5 ሜትር እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋቸዋል። በሩ ላይ የለሰለሰልህ በርቀቱም በጎን በመሆንህም ነው፤ ሆርን ከፍተኛውን ድምፅ ወደፊት ያተኩራል፣ ጎን ላይ ይቀንሳል። ባንተ 5 ሜትር ክፍል ሶፋው ወደፊት ከመጣ ርቀቱ አይበቃህም።

8 ዋቱም ያለ ምክንያት አልተመረጠም። 8 ዋት ከ1 ዋት በ9 ዴሲቤል ይበልጣል። 104 ዴሲቤል ሴንሲቲቪቲ (በ1 ዋት 1 ሜትር ላይ የሚያወጣው ድምፅ) ያለው ሆርን በ1 ሜትር 113 ያወጣል፤ 4 ሜትር ላይ 12 ቢቀነስ እንኳ 101 ይቀራል። ያንኑ አምፕ 86 ዴሲቤል ካለው ትንሽ ስፒከር ጋር ብታገናኘው 4 ሜትር ላይ 83 ነው፤ ከበሮው ሲመታ ሞገዱ ጫፉ ይቆረጣል። ባንተ 60 ዋት ግን ያ ትንሽ ስፒከር 2.5 ሜትር ላይ ብቻውን ወደ 96 ይደርሳል። ይበቃሃል።

ስፔሲፊኬሽን ስታነብ ግን ተጠንቀቅ፦ ሴንሲቲቪቲ በ2.83 ቮልት ከተለካ 8 ኦም (ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) ላይ 1 ዋት ነው፣ 4 ኦም ላይ 2 ዋት። ባለ4 ኦሙ በወረቀት ላይ 3 ዴሲቤል በነፃ ያገኛል።

የቲዩብ አምፕ ሌላ ባሕርይም አለው። የውጤት ኢምፒዳንሱ (የአምፑ የራሱ ተቃውሞ) 2 ኦም ከሆነና ስፒከሩ እንደ ፍሪኩዌንሲው (እንደ ሄርዙ) ከ4 እስከ 20 ኦም የሚዋልል ከሆነ የድምፁ ሚዛን በ2.7 ዴሲቤል ይቀያየራል። ይህ በግልጽ ይሰማል። ስለዚህ እዚያ የሰማኸው የስፒከሩንና የአምፑን ጥምረት ነው፤ በትራንዚስተርህ ሌላ ድምፅ ይሆናል።

ሸክላ_አዟሪ

አመሰግናለሁ፣ ትንሹ ስፒከር ላይ ነው እንግዲህ የማተኩረው። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ያ ክፍል ውስጥ አቅራቢው የስፒከር ገመድ ቀይሮ ልዩነት አሰምቶናል፤ ገመዱንም ላስብበት? ስፒከሩንስ ከመግዛቴ በፊት እንዴት ላረጋግጥ?

ፒንክ_ኖይዝ

ገመዱን ተወው። 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ፣ 3 ሜትር፣ ደርሶ መልስ 0.04 ኦም ገደማ ነው፤ ከስፒከሩ ኦም አንጻር ኢምንት። ገመዱ ሲቀየር ሙዚቃው ቆሟል፣ ቮሊዩሙ ተነክቷል፣ ደግሞ «አሁን ስሙት» ተብሏል። ሁለቱ ዙሮች እኩል መጠን ላይ መሆናቸውን ማን ለካ?

ሜትር_በእጄ

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። መጀመሪያ የስፒከሩን ገለልተኛ ልኬት ፈልግ፤ ሲቲኤ-2034 በሚባለው ስታንዳርድ የተለካ ከሆነ ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንና ከየግድግዳው ተንጸባርቆ የሚመጣው ድምፅም በግራፍ ይታያል። የፊቱ መስመር ደልዳላ፣ የጎኑ ደግሞ ያለ ድንገተኛ እብጠትና ስርጉደት ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ፊት ረድፍ ላይ የወደድከው የድምፃዊው ግልጽነት ቤትህም ይከተልሃል። እዚያ ቅርብ ስለነበርክ ቀጥታ ድምፁ ከነጸብራቁ አይሎ እንደነበር ግን አትርሳ።

ከዚያ ለሙከራ ወደ ቤት እንዲሰጡህ ጠይቅ። ዩሚክ-1 የመለኪያ ማይክሮፎንና አር.ኢ.ደብሊው የተባለው ነፃ የድምፅ መለኪያ ፕሮግራም ይበቃሃል። ማይኩን በጆሮህ ከፍታ አድርግና ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን ስዊፕ (ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚወጣ የመለኪያ ድምፅ) አስኪድ፤ ሶፋው ላይ ሦስት ቦታ ድገመው። ከ300 ሄርዝ በታች ያለውን ብቻ አንብብ። የስፒከሩ ዉፈር ከጀርባው ግድግዳ 1 ሜትር ላይ ከሆነ 86 ሄርዝ አካባቢ ስርጉድ ልታይ ትችላለህ፤ 50 ሳንቲሜትር ላይ ሲሆን ወደ 172 ይሸሻል። ስርጉዱን በኢኩዋላይዘር (የተመረጠ ሄርዝ መጠን ከፍ ዝቅ ማድረጊያ) ለመሙላት አትሞክር፣ ዋት ትጨርሳለህ እንጂ አይሞላም፤ ስፒከሩን አንቀሳቅስ። ያበጠውን 34 ወይም 41 ሄርዝ ግን በኢኩዋላይዘር መቀነስ ይቻላል።