በሆቴል ግብዣ ያደረ ብሎገር ይታመናል?

መንገደኛዋ፦ እስቲ እንከራከር። በነፃ አድሮ፣ በአስጎብኚ ድርጅት ወጪ ዞሮ የሚጽፍ የትራቭል ብሎገር የሚያወጣው ሪቪው ነው ማስታወቂያ? እኔ ማስታወቂያ ነው ባይ ነኝ።

ሻንጣ፦ አልስማማም እህቴ። ሁሉም ከኪሱ ይክፈል ካልን እኮ የሚጽፉት ገንዘብ ያላቸው ብቻ ይሆናሉ። ዋናው አለመደበቁ ነው። ሸማቾችን የሚጠብቀው የአሜሪካ መንግሥት መስሪያ ቤት ኤፍቲሲ እ.ኤ.አ. በ2009 ብሎገሮችን ጨምሮ ባወጣው መመሪያ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በነፃ ያገኛችሁትንም ተናገሩ ነው ያለው፣ አትቀበሉ አላለም። ፈረንሳይም በ2023 ህግ አውጥታለች፣ ተከፍሎህ ማስታወቂያ መሆኑን ከደበቅክ እስከ 2 ዓመት እስርና 300,000 ዩሮ ቅጣት አለው።

መንገደኛዋ፦ መናገሩ ጥሩ፣ ግን አይበቃም። ሆቴል ሪሴፕሽን ሰርቻለሁ። ብሎገር ይመጣል ከተባለ ክፍሉ ቀድሞ ይመረጣል፣ ባህሩ የሚታይበት የማዕዘኑ ክፍል፣ አምፖሉ ሁሉ ተፈትሾ፣ ሻወሩ ተሞክሮ፣ ማናጀሩ ራሱ በር ላይ ቆሞ ይቀበለዋል። ያንን አንብቦ ከፍሎ የመጣው ሰው ደግሞ ከጄነሬተሩ ጎን ያለው ይደርሰዋል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ያድርበታል። ብሎገሩ አንድም ውሸት አልጻፈም፣ ከስር «የሆቴሉ እንግዳ ነበርኩ» ብሏል፣ አንባቢው ግን ተሸውዷል። ጠዋት ሲጮህብን የምንሰማው እኛ ነን።

ካሜራ፦ ከዚህ የሚብሰው ዝምታው ነው። ያልተመቸውን ቦታ ጭራሽ አይጽፈውም፣ ምክንያቱም ካማረረ ሌላ ጊዜ ማን ይጋብዘዋል? ገጹን ከላይ እስከታች ብታዩት ሁሉም ቦታ «ድንቅ» ነው። ኒውዮርክ ታይምስ ለጉዞ ጽሑፎቹ ነፃ ግብዣ የማይቀበለው፣ ቋሚ ሰራተኛው ያልሆኑ ጸሐፊዎቹን፣ ፍሪላንሰሮቹንም፣ የሚከለክለው ወዶ አይደለም።

ሻንጣ፦ እሱ ወጪ የሚሸፍን ትልቅ ድርጅት ነው፣ ለብቻው ላፕቶፕ ይዞ ከሚሰራ ሰው ጋር አታወዳድረው እንጂ። የክፍሉ ነገር ግን እውነት ነው፣ ከዚህ በፊት በዚህ በኩል አስቤው አላውቅም። ገና ግብዣው ሲመጣ «ጽሑፌን ሳይወጣ አታዩትም፣ ያልወደድኩትንም እጽፋለሁ» ብሎ በኢሜይል መላክ ይቻላል፣ በዚህ ያልተስማማ ይቅር።

መንገደኛዋ፦ እሺ፣ እሱ ላይ ተስማማን። ግን ማን እንደከፈለ ከስር ሳይሆን መጀመሪያው መስመር ላይ ይቀመጥ፣ አንባቢ በሰጠው ሊንክ ገብቶ ክፍል ሲይዝ ኮሚሽን የሚያገኝ ከሆነም እዚያው። የትኛው ዓይነት ክፍል እንደተሰጠውም ይጻፍ፣ ከተቻለም ርካሹን ክፍል አሳዩኝ ብሎ ገብቶ ይየው፣ አልጋው ላይ ይቀመጥ፣ መስኮቱን ይክፈት። ሆቴሉ እምቢ ካለ እምቢ ማለቱን ይጻፍልን።