ለቁልቢ ሰሞን ሐረር ላይ ማብሰያ ያለው ቤት፦ ምከሩኝ

ሰላም የሐረር ልጆች። ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ከእናቴና ከልጆቼ ጋር እመጣለሁ፤ ከንግሡ በኋላ ሳምንት ያህል ሐረር ማረፍ አስበናል። ድሬዳዋን ትተነዋል፣ ሙቀቱ ለእናቴ አይሆንም። ጊዜው የነቢያት ጾም ነው፣ እሷ ደግሞ ራሷ ካልሠራችው ወጥ አትቀምስም። ስለዚህ ሆቴል ሳይሆን ምድጃና ድስት ያለው ሙሉ ቤት ነው የምፈልገው።

አንድ ደላላ ጀጎል ውስጥ የሐረሪ ቤት አግኝቻለሁ ብሎኛል። ፎቶው ያምራል፦ ቀይ መደብ፣ ግድግዳው ሙሉ ስፌት። ማድቤቱን አሳየኝ ስለው ግን መልሶ መደቡን ይልክልኛል! «ለቁልቢ ቤት ይሻማል፣ ቀብዱን ዛሬውኑ በቴሌብር ላኪ» ይላል። መሻማቱ እውነት ነው፤ ልቤ ግን አላመነውም።

ቤቱን ሳያዩ ቀብድ መላክ እዚያ የተለመደ ነው? ውኃስ በየቀኑ ይመጣል ወይስ ሮቶ መኖሩን ላረጋግጥ? እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ ባጃጅ እስከ በሩ ካልደረሰ ከግንቡ ውጪ፣ ሸዋ በር አካባቢ ብፈልግ ይሻላል? ሄዶ በዓይኑ አይቶ የሚነግረኝ ካለ ሰፈሩን በውስጥ እልክለታለሁ።