ለአሳይመንት የሚሆኑ ጥናታዊ ጽሑፎችን እንዴት ነው የምትፈልጉት?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ማታ ማታ ስልክ መጠቀም በተማሪዎች እንቅልፍ ላይ ስላለው ተጽዕኖ የቀደሙ ጥናቶችን ዳሰሳ እንድጽፍ ታዝዣለሁ። ቢያንስ 10 ምንጭ ያስፈልጋል፤ ሁሉም በአቻ ባለሙያዎች የተገመገሙ መሆን አለባቸው። ጉግል ስኮላር (የጉግል የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ) ላይ ርዕሱን እንዳለ ስጽፈው በሺዎች የሚቆጠር ውጤት ይመጣል፤ ደህና የሚመስለውን ስከፍት ደግሞ ክፍያ ይጠይቃል። ፍለጋውን በምን ላጥብበው? ክፍያ የሚጠይቀውንስ ከየት ላግኘው? መገመገሙንስ በምን አውቃለሁ?

ብራና፦
እህቴ፣ ርዕሱን እንዳለ መጻፉን ተዪው። መጀመሪያ በሦስት ከፋፍዪው፦ ስልክ፣ እንቅልፍ፣ ተማሪ። ከዚያ ተመራማሪዎች ለእያንዳንዱ የሚጠቀሙባቸውን ስሞች በእንግሊዝኛ አስፍሪ። ለስልኩ ስማርትፎን፣ ሞባይል ፎን፣ ስክሪን ታይም፤ ለእንቅልፉ ስሊፕ ኳሊቲ፣ ስሊፕ ዱሬሽን፣ ኢንሶምኒያ። ተመሳሳዮቹን በአንድ ቅንፍ ሰብስበሽ በመካከላቸው «ኦር» (OR፣ «ወይም» ማለት ነው) አስገቢ፤ በትላልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ካልጻፍሽው አይሠራም። ከአንድ ቃል በላይ የሆነውን በጥቅስ ምልክት ክተቺው። በቅንፎቹ መካከል ባዶ ቦታ መተው ይበቃል፤ ስኮላር ሦስቱም ሐሳቦች ያሉበትን ይፈልጋል። በግራ በኩል ያለውን የዓመት ገደብም ተጠቀሚበት፤ ብዙ ጊዜ የተጠቀሱት ወደ ላይ ስለሚወጡ የቆዩት አዲሶቹን ይጋርዷቸዋል።

ከቃል ፍለጋው በላይ የሚያዋጣው ግን ዱካ መከተል ነው። በቅርብ ዓመታት የወጣ አንድ ሲስተማቲክ ሪቪው (በአንድ ርዕስ ላይ ያሉ ጥናቶችን በሥርዓት የሚዳስስ ጽሑፍ) ወይም ሜታ አናሊሲስ (የብዙ ጥናቶችን ውጤት በስታቲስቲክስ የሚያጣምር) ያዢ። የዋቢዎቹ ዝርዝር ወደ ቀደሙት ጥናቶች ይመልስሻል። ከውጤቱ ሥር ያለው «ሳይትድ ባይ» ደግሞ ያንን ጽሑፍ ጠቅሰው ከዚያ ወዲህ የወጡትን ያመጣል። ያንን ስትከፍቺ በጠቃሾቹ ውስጥ ብቻ ለመፈለግ የሚያስችል ትንሽ ሳጥን ከላይ ታያለሽ፤ ምልክት አድርጊበትና ቁልፍ ቃልሽን ጨምሪ። ብዙ ሰው ይህችን ሳጥን አያያትም፤ እኔ ግን ከስኮላር ውስጥ አንድ ነገር ምረጥ ብባል እሷን ነው የምመርጠው። በሁለቱም አቅጣጫ ስትሄጂ ያው የምታውቂያቸው ጥናቶች ደጋግመው መምጣት ከጀመሩ ዋና ዋናዎቹን አግኝተሻል።

ርዕስሽ ጤና ነክ ስለሆነ የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ የሆነውን ፐብሜድንም ጨምሪ። ለትምህርት ነክ ርዕሶች ኤሪክ የተባለ የጥናቶች ማውጫ አለ፤ የተገመገሙትን ብቻ ለይቶ የማሳየት ምርጫም አለው። ስኮላር ይህ ምርጫ የለውም፤ የመመረቂያ ጽሑፍም ፕሪፕሪንትም (ገና ያልተገመገመ ረቂቅ) ቀላቅሎ ነው የሚያመጣው።

ኅዳግ፦
ስለ ክፍያው፦ ወዲያው አትክፈዪ። ስኮላር ላይ ከውጤቱ በስተቀኝ የፒዲኤፍ ሊንክ ካለ እሱን ክፈቺ። ከሌለ ከሥሩ «ኦል ቨርዥንስ» የሚለውን ተጫኚ፤ ደራሲው በተቋሙ ማኅደር ያኖረው ቅጂ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል። አንፔይዎል የተባለውን የብራውዘር ተጨማሪ ብትጭኚ በነጻ የተለቀቀ ሕጋዊ ቅጂ ሲያገኝ የተከፈተ ቁልፍ ምልክት ያሳይሻል። ጄስቶር የተባለው የጆርናሎች የኢንተርኔት ማኅደርም በነጻ ለተመዘገበ ሰው በወር እስከ 100 ጽሑፍ እዚያው ገጹ ላይ ያስነብባል። ተቋምሽ የሪሰርች ፎር ላይፍ (ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ተቋማት ጆርናሎችን በነጻ ወይም በቅናሽ የሚያቀርብ ፕሮግራም) ተጠቃሚ መሆኑን የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ ጠይቂ፤ ለጤናው ዘርፍ ሂናሪ የሚባለው ክፍል በርካታ ጆርናሎችን ይከፍታል። ይህ ሁሉ ካልሆነ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ላለው የደራሲው ኢሜይል የጽሑፉን ርዕስ ጠቅሰሽ በሁለት መስመር ጠይቂ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ከማኅደር የተገኘ ቅጂ ከግምገማ በፊት የነበረው ረቂቅ ሊሆን ይችላል። ቁጥርና የገጽ ቁጥር ከመጥቀስሽ በፊት ከታተመው ጋር አመሳክሪ።

ሚዛን፦
መገመገሙን ለማወቅ የጆርናሉን ድረ ገጽ ክፈቺና የግምገማ ሥርዓቱን አንብቢ። በብዙ ጆርናሎች በጽሑፉ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ የደረሰበት፣ የተሻሻለበትና ተቀባይነት ያገኘበት ቀን ይሰፍራል፤ ጥሩ ፍንጭ ነው። በተገመገመ ጆርናል ውስጥ የወጣ ሁሉ ግን የተገመገመ አይደለም፤ ርእሰ አንቀጽ፣ ደብዳቤና የመጽሐፍ ቅኝት ብዙውን ጊዜ በዚያ ሂደት አያልፉም። ደራሲን አስከፍሎ በቀናት ውስጥ አትማለሁ የሚል፣ የአዘጋጆቹ ማንነት የማይታወቅ ጆርናል ካጋጠመሽ እለፊው። ጽሑፉ በኋላ መሰረዙንም ፈትሺ። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው፣ በ12 ሕፃናት ላይ የተመሠረተው የ1998 እ.ኤ.አ. የላንሴት (የሕክምና ጆርናል) ጽሑፍ የተሰረዘው በ2010 ነው። ዞቴሮ በተባለው የምንጭ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ላይ ምንጮችሽን ካስቀመጥሽ የተሰረዘ ሲኖር ራሱ ያስጠነቅቅሻል።

ከዚህ በላይ የማሳስብሽ ግን አነባበቡን ነው። ለእያንዳንዱ ጥናት ስንት ሰው እንደተጠና፣ እንቅልፉ በምን እንደተለካ፣ መረጃው አንድ ጊዜ ወይስ በተከታታይ እንደተሰበሰበ በሠንጠረዥ ያዢ። በአንቺ ርዕስ ብዙ ጥናት የሚጠቀመው የፒትስበርግ የእንቅልፍ ጥራት መለኪያ ነው፤ ከ0 እስከ 21 ያስቆጥራል፣ ከ5 በላይ ደካማ እንቅልፍ ነው የሚባለው። ሌላው ግን «ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል፤ ሌላው በእጅ አንጓ መሣሪያ ይለካል። ሁለት ጥናቶች ሲጋጩ መጀመሪያ የሚታየው ይኼ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ከተሰበሰበ መረጃ ተነስተሽም «ስልክ እንቅልፍ ነሣ» አትበዪ፤ እንቅልፍ የራቀውም ስልኩን ሊያነሣ ይችላልና «ተዛማጅነት ታይቷል» በዪ።

ጀማሪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አንድ የቀረኝ፦ ያነበብኩት ጽሑፍ የሌላ ሰው ግኝት ጠቅሷል። ዋናውን ሳላነብ ልጥቀሰው? ቻትቦት የሚሰጠኝን ዋቢስ?

ብራና፦
ዋናውን ፈልገሽ አንብቢው፤ ቁጥሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይዛባል፣ «በከፊል» የምትለዋም ትጠፋለች። ፈጽሞ ካልተገኘ በኤፒኤ (የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር የአጠቃቀስ ደንብ) አሠራር በጽሑፍሽ ውስጥ «እገሌ፣ በእገሌ እንደተጠቀሰው» ትያለሽ፤ በዋቢ ዝርዝሩ ግን የሚገባው ያነበብሽው ብቻ ነው።

ቻትቦት የእውነተኛ ተመራማሪ ስምና የእውነተኛ ጆርናል ስም አጣምሮ ያልተጻፈ ጽሑፍ ሊፈጥር ይችላል። በ10 የሚጀምረውን የዲኦአይ ቁጥር (የጽሑፉን ቋሚ መለያ) ዲኦአይ ዶት ኦርግ ላይ አስገቢው። ካልተከፈተ ወይም ሌላ ርዕስ ካመጣ ርዕሱን በጥቅስ ምልክት ከተሽ ስኮላር ላይ ፈልጊ። እዚያም ከሌለ አውጪው።