«ትሬዠር ፕላኔት» የከሰረው ከመጽሐፉ ስለራቀ ነው?

ጥያቄ
የስቲቨንሰንን የባህር ላይ ልቦለድ «ትሬዠር አይላንድ» በልጅነቴ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ዲዝኒ «ትሬዠር ፕላኔት» በሚለው የካርቱን ፊልሙ ታሪኩን ወደ ህዋ እንደወሰደው ስሰማ ደሜ ፈላ። ባለ ሸራ መርከብ በከዋክብት መሃል? አኩርፌ ለዓመታት ሳላየው ቀረሁ። ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ ሲከፍተው ልስቅበት ብዬ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ሲያልቅ ዝም አልኩ። ወደድኩት፣ ምን ላድርግ! ታዲያ ምን ነክቶት ነው የከሰረው? 140 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በመላው ዓለም ያስገባው 110 ሚሊዮን ገደማ ነው።

መልስ 1
መጽሐፉን ያላነበበ ተመልካች መራቁን በምን ያውቃል? የጎዳው ቀኑ ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 2002 ነው። ሁለተኛው የሃሪ ፖተር ፊልም ከ12 ቀን በፊት ወጥቶ ሲኒማ ቤቱን ይዞታል። ወጪውም ቀላል አይደለም። ወንበዴውን ሲልቨርን ብቻ እየው፦ ገላው በእጅ የተሳለ፣ የብረት ክንዱ በኮምፒውተር የተሠራ። በየትዕይንቱ ሁለቱን ማገጣጠም ቀልድ መሰለህ? ከዚያች 110 ላይ ደግሞ ሲኒማ ቤቶቹ ድርሻቸውን ያነሳሉ።

መልስ 2
መርከቡ የትም ይብረር፣ ግድ የለኝም። እኔን ያናደደኝ ሲልቨር ነው። መጽሐፉ ላይ ሰውዬው ያስፈራል። የታሪኩን ዋና ልጅ ጂምን ይውደደው ይጠቀምበት፣ ቁርጡን አታውቅም። አንድ እግር ብቻ ነው ያለው፤ ግን ክራንቹን ወርውሮ መርከበኛውን ከጣለ በኋላ በቢላ ይጨርሰዋል። ፊልሙ ላይ ደግ አጎት ሆኖ አረፈው።

ጠያቂው
ክራንቹን ረስቼው ነበር፤ እውነትህን ነው። ግን አባትየውን አስበው። በመጽሐፉ የጂም አባት ገና መጀመሪያ ላይ ታሞ ይሞታል፣ ከዚያ ብዙም አይነሳም። በፊልሙ ቤተሰቡን ጥሎ የሄደ ሰው ነው። ጂም በርሜል ውስጥ ተደብቆ ሲልቨር የሚዶልተውን ሲሰማ፣ መጽሐፉን ሳነብ የተሰማኝ ፍርሃት ነበር። እዚህ ግን ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ አባት እያጣ ነው። እዚያ ጋ ወንድሜን በጎን አየሁት። ስልኩን ካስቀመጠ ቆይቷል።

አሁን መጽሐፉን ወስዶብኛል። ክራንቹ ጋ ገና አልደረሰም።