በጉልምስና አስም ሲገኝ፦ ከየትኛው መሣሪያና ከየትኛው አገልግሎት መጀመር ይሻላል?

ጥያቄ፦ ለወራት ሌሊት ሌሊት እያሳለኝና ደረቴን እየያዘኝ ከቆየሁ በኋላ በቅርቡ አስም እንዳለብኝ ተነግሮኛል፤ ዕድሜዬ አርባን አልፏል። ሰማያዊ ኢንሄለር ታዝዞልኝ እየተጠቀምኩ ነው። ወዳጆቼ ኔቡላይዘር፣ ማለትም ፈሳሽ መድኃኒትን ወደ ጭጋግ ቀይሮ የሚያስተነፍስ ማሽን፣ እና የአየር ማጣሪያ ማሽን እንድገዛ ይመክሩኛል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መግዛት ስለማልችል ከየትኛው ልጀምር? የትኛውስ ምርመራ ያስፈልገኛል?

ጥቆማ፦ ምሕረቱን ያውርድልዎ። እኔም አስም ከጎለመስኩ በኋላ የተገኘብኝ ሰው ነኝና ጥያቄዎ በደንብ ይገባኛል። ገንዘብዎንና ጊዜዎን በቅድሚያ ተገቢው መድኃኒት ሳንባዎ ድረስ እንዲገባ በሚያደርግልዎ ነገር ላይ ያውሉት፤ አየር ያጸዳሉ የሚባሉት ማሽኖች ከዚያ በኋላ ይደርሱባቸዋል።

ከመድኃኒቱ ልነሣ። ሰማያዊው ኢንሄለር፣ ማለትም ሳልቡታሞል፣ በመተንፈሻ ቧንቧዎች ዙሪያ የተኮማተረውን ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል፤ እፎይታውም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። ይሁን እንጂ አስም በመሠረቱ የቧንቧዎቹ ውስጠኛ ግድግዳ መቆጣትና ማበጥ ስለሆነ፣ ሳልቡታሞልን ብቻ የሚወስድ ሰው ስሜቱን እያስታገሰ ሕመሙን እንዳለ ይተወዋል። በዚህ ምክንያት ጂና በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም ባለሙያዎች ስብስብ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዋቂዎች በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ ይመክራል። በዓመት ውስጥ ባለ 200 ፓፉን (200 ጊዜ የሚረጨውን) ኢንሄለር ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚጨርስ ሰው አስሙ ክፉኛ የሚነሣበት ዕድል ከፍ ይላል፤ ስለዚህ የጀመሩበትን ቀን በኢንሄለሩ ላይ ይጻፉበት።

ወደ ሐኪምዎ ተመልሰው በሚሳብ መልክ የተዘጋጀ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቧንቧዎቹን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት፣ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ። ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ቤክሎሜታሶንን ወይም ቡዴሶናይድን በየቀኑ እየወሰዱ ሳልቡታሞልን ለጭንቅ ጊዜ ማቆየት ነው። ሁለተኛው ቡዴሶናይድና ፎርሞቴሮል በአንድነት የተዘጋጁበት ኢንሄለር ሲሆን፣ ፎርሞቴሮል እንደ ሳልቡታሞል ፈጥኖ ስለሚሠራ ያው አንዱ ኢንሄለር ለማስታገሻም ለመቆጣጠሪያም ሊታዘዝ ይችላል። የሚገኝ ከሆነ እኔ ሁለተኛውን አስቀድማለሁ፤ ሰው ሻል ሲለው የዕለት መድኃኒቱን መተዉ አይቀርም፣ በዚህኛው ግን ትንፋሽ ባጠረው ቁጥር ስቴሮይዱንም አብሮ ይስባል። ሳልሜትሮል ያለበት ጥምር ኢንሄለር ቀስ ብሎ የሚሠራ በመሆኑ ለማስታገሻነት አይውልም፤ ሳልሜትሮልና ፎርሞቴሮል የሚሉት ስሞች ስለሚመሳሰሉ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አስተውለው ያንብቡ። ስቴሮይድ የሚለውን ስም ሰምተው እንዳይሸሹ ደግሞ አደራ እላለሁ። በኢንሄለር የሚወሰደው መጠን በማይክሮግራም የሚለካ ነው፤ በክኒን የሚሰጠው ግን በሚሊግራም ነው። ከሳቡ በኋላ በውኃ ተጉመጥምጠው መትፋት የአፍ ውስጥ ፈንገስንና የድምፅ መጎርነንን ይቀንሳል።

መድኃኒቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው የማይሻለው በአወሳሰዱ ምክንያት ነው። ተጭነው የሚረጩት ኢንሄለር በመጀመሪያ ይወዘወዛል፤ ከዚያም ትንፋሽን ወደ ውጭ አስወጥቶ፣ በዝግታና በጥልቀት መሳብ ሲጀምሩ አንዴ ተጭኖ፣ ሳንባ እስኪሞላ ስቦ፣ እስከ 10 ሰከንድ ያህል ትንፋሽን መያዝ ያስፈልጋል። በዱቄት መልክ የተዘጋጀው ደግሞ በተቃራኒው በፍጥነትና በኃይል መሳብ አለበት፤ ዱቄቱ እርጥበት ስለማይወድ ወደ ኢንሄለሩ ውስጥ መተንፈስ አይገባም። እስቲ መስታወት ፊት ቆመው የሚረጨውን ይሞክሩት። ሲጫኑት ከከንፈርዎ ጥግ ነጭ ጭጋግ የሚወጣ ከሆነ፣ ያ የወጣው መድኃኒት ወደ ሳንባዎ አልገባም፤ ከቀረውም ውስጥ ብዙው ከጉሮሮ ጋር ተጋጭቶ እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ የሚረጭ ኢንሄለር ከታዘዘልዎ ከመሣሪያ ሁሉ አስቀድመው እንዲገዙ የምመክረው ስፔሰር ነው። ስፔሰር በኢንሄለሩና በአፍ መካከል የሚገባ ባዶ የፕላስቲክ ክፍል ሲሆን፣ የተረጨው መድኃኒት በውስጡ ፍጥነቱን ቀንሶ ስለሚቆይ መጫንንና መሳብን በአንድ ቅጽበት የማገጣጠም ችግር በእጅጉ ይቃለላል። ሲመርጡ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት ቫልቭ ያለውን ይምረጡ፤ ፊት ላይ የሚገጠም ጭንብል ያለው በአብዛኛው ለትናንሽ ልጆች ነው፣ ለእርስዎ በከንፈር የሚያዘው ይበቃል። በቶሎ ካላገኙ ግርጌው በኢንሄለሩ አፍ ቅርጽና ልክ የተበሳ ባለ 500 ሚሊ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ክፍተቱ በደንብ ከታሸገ፣ ጥሩ ምትክ እንደሚሆን በጥናት ታይቷል። ስፔሰሩን በወር አንድ ጊዜ ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጠቡት፤ ከዚያ በጨርቅ ሳይጠርጉት በራሱ ጊዜ ይድረቅ፤ ከተጠረገ ፕላስቲኩ ኤሌክትሪክ ስለሚያሳድር መድኃኒቱን ግድግዳው ላይ ይዞ ያስቀረዋል። ከዱቄት ኢንሄለር ጋር ስፔሰር አይሠራም።

ስለ ምርመራው፦ ራጅ አስምን አያረጋግጥም፤ ጥቅሙ ሌላ የሳንባ ችግር መኖር አለመኖሩን ለማየት ነው፣ ራጁ ንጹሕ ሆኖ አስም ሊኖር ይችላል። የሚፈልጉት ስፓይሮሜትሪ፣ ማለትም በኃይል ሲነፉ የሚወጣውን አየር መጠንና ፍጥነት የሚለካ ምርመራ፣ ያለው ክሊኒክ ነው፤ ያም ሲሆን አንዴ ብቻ አስነፍቶ የሚሸኝዎትን ሳይሆን ማስታገሻ ሰጥቶ ከደቂቃዎች በኋላ ድጋሚ የሚለካዎትን ይምረጡ። በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው አየር ከማስታገሻው በኋላ ከ12 በመቶና ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ከጨመረ ለአስም ጠንካራ ድጋፍ ነው። አልጨመረም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም፤ አስም ቀን ከቀን ይለዋወጣልና በታመሙበት ቀን መለካት የተሻለ ነው።

ከትልቁ ስፔሻሊስትና ጊዜ ወስዶ ከሚያስረዳ ፋርማሲስት ወይም ነርስ መምረጥ ግድ ቢሆንብኝ፣ ምርመራው አንዴ ካለቀ በኋላ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። መለኪያዬ ቀላል ነው፦ «እስቲ ፊቴ ይውሰዱት» ብሎ የሚያይዎ፣ ስሕተቱን የሚያርምዎና በሚቀጥለው ጊዜም ድጋሚ የሚያይዎ ሰው ነው ወይ? ሲባባስ ምን እንደሚያደርጉና መቼ ወደ ሆስፒታል እንደሚሄዱ በወረቀት ጽፎ የሚሰጥዎት ከሆነ ደግሞ ያን ቦታ አይልቀቁት።

ቀጥሎ ባትሪ የማይፈልገውን የትንፋሽ ኃይል መለኪያ፣ ፒክ ፍሎው ሜትርን፣ ያስቡበት። ጠዋትና ማታ ሦስት ሦስት ጊዜ ነፍተው ከፍተኛውን ቁጥር ለሁለት ሳምንት ቢመዘግቡ፣ በቀን ውስጥ ያለው ልዩነት በአማካይ ከ10 በመቶ ማለፉ ለሐኪምዎ ብዙ ይነግረዋል። ለእርስዎ በተለይ የምገፋፋበት ምክንያት አለኝ፤ በአዋቂነት የሚጀምር አስም አንዳንዴ ከሥራ ቦታ ስለሚመጣ ነው። የዱቄት ብናኝ፣ የጽዳት ኬሚካል፣ የሚረጭ የመኪና ቀለም፣ የእንጨት ብናኝ የታወቁ መንሥኤዎች ናቸው። በዕረፍት ቀናት ቁጥሩ ከፍ፣ ሥራ ሲገቡ ዝቅ የሚል ከሆነ ያን ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ ቶሎ የተደረሰበት ሰው የመዳን ዕድሉ የተሻለ ነው።

የአየር ማጣሪያው አስቸኳይ አይደለም። ከገዙ ሄፓ የተባለው፣ ረቂቅ ብናኝን የሚይዝ ማጣሪያ ያለውን፣ ለክፍልዎ ስፋት የሚበቃውን ይምረጡ፤ ኦዞን የሚያመነጩትን ግን ጨርሶ አይጠጉ፣ ኦዞን ራሱ ሳንባን ያስቆጣል። በቤት ውስጥ ማጨስን ማስቆም ከየትኛውም ማሽን ይበልጣል። የፍራሽ መሸፈኛ ለብቻው ያን ያህል ለውጥ አያመጣም።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር። ለራስ ምታት አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን ሲወስዱ አፍንጫዎ የሚታፈን ወይም ትንፋሽዎ የሚያጥር ከሆነ ወዲያው ለሐኪም ይንገሩ። ለደም ግፊት የሚሰጡ እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ መድኃኒቶች፣ ለግላኮማ (የዓይን ነርቭን ለሚጎዳ ሕመም) የሚሰጠው የቲሞሎል የዓይን ጠብታም ጭምር፣ አስምን ሊያስነሡ ይችላሉ፤ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሲሄዱም አስም እንዳለብዎ መናገር የሚገባው ለዚህ ነው።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌሊት ድንገት ቢነሣብኝ ኔቡላይዘር ቤት ውስጥ አለመኖሩ ግን ያሰጋኛል።

ምላሽ፦ ሥጋትዎ ተገቢ ነው። ነገር ግን ለሕይወት በማያሰጋ ደረጃ አስም ሲነሣ፣ በስፔሰር በተደጋጋሚ የሚወሰድ ማስታገሻ ለአዋቂ ሰው ከኔቡላይዘር የማያንስ ውጤት አለው፤ መብራት አይፈልግም፣ ቦርሳ ውስጥም ይገባል፣ ለማጽዳትም ይቀላል። ኔቡላይዘር ቤት ሲኖር የምፈራው ሰው በማሽኑ ተማምኖ እየዘገየ እንዳይጎዳ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መጨረስ ካቃተዎት፣ ከንፈርዎ ከጠቆረ፣ ወይም ማስታገሻው እንደ ወትሮው ካልያዘልዎት፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ለኔቡላይዘር ያሰቡትን ገንዘብ ለሁለተኛ ማስታገሻ ኢንሄለርና ለሁለተኛ ስፔሰር ያውሉት፤ አንዱ አልጋዎ አጠገብ፣ አንዱ ቦርሳዎ ውስጥ ይሁን። ኢንሄለሩን ሲመርጡ የቀረውን ፓፍ የሚቆጥር ቁጥር ያለውን ይጠይቁ፤ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ግፊቱ ብቻ መርጨቱን ሊቀጥል ስለሚችል፣ መወዝወዝም ሆነ ውኃ ላይ ማንሳፈፍ መጨረሱን አያሳይም።