ዶሮዬ ተቀምጣለች፣ መቀመጥ ያቃተኝ እኔ ነኝ

ጀማሪው፦

ሰላም ሰዎች። ዶሮ ማርባት ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ጥያቄዬ የሚያስቅ ከሆነ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ መልሱልኝ። አምስት ሴትና አንድ አውራ አሉኝ። ከአምስቱ ቀይዋ የዛሬ ዘጠኝ ቀን እንቁላል የሚጥሉበት ሳጥን ውስጥ ገብታ አልወጣም አለች። እጄን ሳስጠጋ ላባዋን ነፍታ ትነቁረኛለች። ድምጿም ተለውጧል፣ ቁቅ ቁቅ ብቻ ሆኗል። መታቀፍ ፈልጋ ነው ብዬ በዚያው ማታ 11 እንቁላል አስታቀፍኳት።

እስከዚህ ደስ ይላል። ችግሩ ሌሎቹ ዶሮዎችም እዚያው ሳጥን ውስጥ፣ አንዳንዴ ጭራሽ እሷ ላይ ወጥተው ይጥላሉ። ትናንት ለመብላት ስትወርድ ብቆጥር 14 ሆነዋል። የትኛው የመጀመሪያው፣ የትኛው አዲሱ እንደሆነ እኔ አላውቅ፣ እሷም አትነግረኝ። ከትናንት ወዲያ ደግሞ በልታ ስትመለስ ሳጥን ተሳሳተች፤ ባዶው ላይ ተዘርግታ ቁጭ ብላ አገኘኋት። እንቁላሎቹን ስነካቸው ቀዝቅዘዋል፣ አንድ ሰዓት ያህል ሳይሆን አይቀርም። አበቃላቸው ማለት ነው?

ሌላው፣ በቀን አንዴ ብቻ ነው የምትወርደው፣ ምግቡንም ቀመስ አድርጋ ትሮጣለች። አንስቼ ላብላት ወይ? እንቁላሉን ማገላበጥ የኔ ሥራ ነው የሷ? ውሃ እርጭበት ያለኝ አለ፣ በ18ኛው ቀን ውሃ ውስጥ ከተህ የሚንቀሳቀሰውን ለይ ያለኝም አለ። በቀን አሥር ጊዜ እየሄድኩ አያታለሁ። እሷ ተረጋግታ ተቀምጣለች፣ መላ ያጣሁት እኔ ነኝ።

የቆጥ ጎረቤት፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አሥር ጊዜ መመላለሱን ተው። ከዚያ ዛሬ ማታ ሥራ አለህ።

ሲጨልም የስልክህን መብራት ይዘህ ግባ። እንቁላሉን አንድ በአንድ እያወጣህ ሰፊውን ጫፍ መብራቱ ላይ ግጠመው፣ ብርሃኑ እንዳያፈስ ዙሪያውን በጣትህ ከልለው። ዘጠኝ ቀን የታቀፈ እንቁላል ውስጥ ደም ስሮች ተዘርግተው፣ መሃላቸው ጠቆር ያለ ነጥብ ሲወዛወዝ ታያለህ፤ ነጥቡ የጫጩቷ ዓይን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታየው እንቅልፍ አይወስድህም። ብርሃኑ ጥርት ብሎ የሚያልፍበት ወይ ሰሞኑን የተጣለ ነው ወይ አውራ ያላገኘው ነው፣ ሁለቱም ይውጣ። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ደም ስር ብቻ የሚታይበት ካለ ዘግይቶ የገባ ነውና እሱም ይውጣ። ይሄኛው እንደሚያሳዝን አውቃለሁ። ግን የመጀመሪያዎቹ ከተፈለፈሉ በኋላ እናትየው ብትታገሥ አንድ ሁለት ቀን ነው፤ ከዚያ ጫጩቶቿን አስከትላ ትወጣለች፣ ሳምንት የቀረው እንቁላል ግማሽ ጫጩት ሆኖ እዚያው ይቀዘቅዛል።

የቀሩትን ዙሪያቸውን በእርሳስ አስምርባቸው። በእርሳስ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ቅርፊቱ ይተነፍሳል፣ የማርከር ቀለም ወደ ውስጥ ሊሰርግ ይችላል። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ መስመር የሌለውን እየለቀሙ ማውጣት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሌሎቹ እንዳይደርሱባት ማድረግ ነው። በሌሊት፣ በጨለማ፣ ከነእንቁላሎቿ መሬት ላይ ወዳለ ሌላ ሳጥን አዛውራት፤ ጭድ ጎዝጉዝላት፣ መሃሉን ጎድጎድ አድርገው። መሬት ላይ ይሁን ያልኩት ጫጩት ከከፍታ ከወደቀች ተመልሳ መውጣት ስለማትችል ነው።

ስለ መብላቷ አትጨነቅ። የታቀፈች ዶሮ በቀን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ወርዳ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ አፈር ላይ ትንከባለላለች፣ ትልቅና ለአፍንጫ የማይመች ኩስ ጥላ ትመለሳለች። ቀኑን ሙሉ ይዛው ስለዋለች ነው እንጂ አልታመመችም። ክብደቷም ይቀንሳል፣ ያለ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ካልወረደች ብቻ አንሳት። ስታነሳት ግን ክንፏ ስር የተሸጎጠ እንቁላል እንዳይኖር አስቀድመህ በእጅህ ዳብስ። እኔ ሳልዳብስ አንስቼ ሁለት ሰብሬአለሁ።

ማገላበጡ የሷ ነው። በመንቁሯ እየሳበች በቀን ብዙ ጊዜ ታዞረዋለች፣ የዳሩን ወደ መሃል፣ የመሃሉን ወደ ዳር። ባታዞረው ጽንሱ ከቅርፊቱ ውስጠኛ ሽፋን ጋር ይጣበቃል። ውሃም አያስፈልግም። ደረቷን ብታይ ላባው ተነቅሎ ቆዳዋ ወጥቷል፤ ሙቀቱም እርጥበቱም የሚደርሰው በዚያ በኩል ነው።

አንድ ሰዓት መቀዝቀዙ ብዙ ጊዜ አይገድልም፣ እድገቱን ትንሽ ሊያዘገይ ይችላል። ስለዚህ በ21ኛው ቀን ካልወጡ እስከ 23ኛው ጠብቅ። ስትቆጥር ደግሞ ያስታቀፍክበትን ማታ አትቁጠር፤ በማግስቱ ማታ ነው አንድ የሚባለው።

ባለማሽኑ፦

የቆጥ ጎረቤት ያለችው ሁሉ ልክ ነው፣ በማዛወሩ ግን አልስማማም። ዘጠኝ ቀን የተቀመጠችን ዶሮ ማዛወር ቁማር ነው። አንዷን በሌሊት አዛውሬ ጠዋት የድሮው ባዶ ሳጥን ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፣ እንቁላሉ እዚያ ማዶ በረዶ ሆኗል። ያንተዋ ደግሞ ሳይነኳትም ሳጥን ትሳሳታለች። እዚያው ተዋትና የሳጥኑን ፊት በሽቦ ዝጋው፤ በቀን አንዴ ከፍተህ አውርዳት፣ በትክክል መመለሷን አይተህ መልሰህ ዝጋ። ከፍታው ካሰጋህ አፉ ላይ ጣውላ ምታበት፣ ጫጩቶቹ እንዳይንከባለሉ።

ውሃ ውስጥ መክተት የሚባለውን ነገር እባካችሁ ለጀማሪ አትምከሩ። ቅርፊቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፣ ላዩ ላይ ደግሞ ከጀርም የሚከላከልለት ስስ ልባስ አለው። ልባሱን ታጥብበታለህ፣ እንቁላሉን ታቀዘቅዘዋለህ፣ ሳታይ ተሰንጥቆ ከሆነም ጫጩቷን ታሰምጣታለህ። መብራት እያለልህ ምን አስኬደህ?

የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን የያዝን ሰዎች 37.5 ዲግሪ ላይ ዓይናችንን ተክለን፣ እርጥበት እየለካን፣ መብራት ጠፋ አልጠፋ እያልን ነው 21 ቀን የምንገፋው። እሷ ያለ ቴርሞሜትር ትሠራዋለች። በስልክ መብራት ማየቱንም ቢሆን አሁን አንዴ፣ በ14ኛው ቀን አንዴ፣ በቃ። ከ18ኛው ቀን በኋላ እጅህን ኪስህ ውስጥ።

ጣቴ ቢቆረጥ፦

እጅህን ኪስህ ውስጥ የሚለው ላይ እኔም ልጨምር። ስሜን ያገኘሁት በዚህ ነው።

የመጀመሪያዬ ነበር። ማታ አንዱ እንቁላል ላይ ትንሽ ቀዳዳ አየሁ፣ ከውስጥ ጫጩቷ ትጮሃለች። ጠዋት ስመለስ ያው ቀዳዳ፣ ምንም አልሰፋም፣ ጩኸቱም የለም። ታፍና ልትሞትብኝ ነው ብዬ ቅርፊቱን በጥፍሬ መላጥ ጀመርኩ። ከስሩ ያለው ሽፋን ላይ ደም ስሮቹ ገና ይሠሩ ነበር፤ ደም መጣ። አስኳሉም ወደ ሆዷ ገብቶ አላለቀም። መዳፌ ላይ ሞተች። እሷን ጓሮ ቀብሬ ስመለስ ሁለት እህቶቿ ማንም ሳይረዳቸው ወጥተው ከእናታቸው ክንፍ ስር አጮልቀው ያዩኛል።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ጫጩቷ መጀመሪያ ሰፊው ጫፍ ጋ ያለውን የአየር ኪስ ትበሳና በሳንባዋ መተንፈስ ትጀምራለች፣ ከዚያ ቅርፊቱን ትሰብራለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች። እኔን ጉድ የሠራኝ ያ ዝምታ ነው። እያረፈች፣ ሽፋኑ ላይ የቀረውን ደም እየሳበች፣ አስኳሏን ወደ ሆዷ እየሰበሰበች ነው። ከመጀመሪያው ቀዳዳ እስክትወጣ 24 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።

ያ አስኳል ደግሞ ስንቋ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ያለ ምግብ ያቆያታል፣ እናትየውም የቀሩትን እየጠበቀች የምትቀመጠው በሱ ሂሳብ ነው። ስለዚህ አንድ ሁለቱ ወጡ ብለህ ምግብ ይዘህ እናትየውን እንዳታስነሳት። ሲወርዱ የሚጠብቃቸው የጫጩት መኖ ይሁን፤ የእንቁላል ጣይ መኖ ካልሲየሙ ስለሚበዛ ኩላሊታቸውን ይጎዳል። እናትየው የነሱን ብትበላ ምንም አይላትም። ውሃ በዝርግ ሳህን፣ ውስጡ ጠጠር። ጠጠሩን እንዳትረሳ፣ ጫጩት በጣም ትንሽ ውሃ ውስጥም ትሰምጣለች።

ጀማሪው (ከስድስት ቀን በኋላ)፦

በሽቦ ዘግቻታለሁ፣ የቆጥ ጎረቤት ይቅርታ። ያን ማታ ከ14ቱ አምስቱ ጥርት ያሉ ሆነው ወጡ፣ ዘጠኙ ላይ ዓይኑን አየሁ፣ እውነትም እንቅልፍ አልወሰደኝም። ትናንት በ14ኛው ቀን ደግሜ ሳይ ስምንቱ ጠቁረው ውስጣቸው ይንቀሳቀሳል። አንዱ ግን ደም ስሩም ጠፍቷል፣ ሳጋድለው ውስጡ እንደ ውሃ ይንሸራተታል። ምናልባት ይድን ይሆናል ብዬ መልሼ አስታቀፍኩት።

የቆጥ ጎረቤት፦

አይድንም። ዛሬውኑ አውጣው፣ ስታወጣውም አታናውጠው። የገማ እንቁላል በሙቀት ይፈነዳል፣ ያ ነገር ሌሎቹ ላይ ከተረጨ እነሱንም ይበክላል፣ አንተም ሽታውን ቶሎ አትረሳውም። ማዛወሩን ስለተውከው አልተቀየምኩም፣ እዚያው ከጸናችልህ በቂ ነው።

ጀማሪው (ከስምንት ቀን በኋላ)፦

ሰሞኑን ያልጻፍኩት እጄ ኪሴ ውስጥ ስለነበረ ነው።

በ20ኛው ቀን ማታ ከስሯ ጩኸት ሰማሁ። እሷም እስከዛሬ ሰምቼው በማላውቀው ዝቅ ባለ ድምፅ ትመልስላቸዋለች። በ21ኛው ቀን አራት፣ በ22ኛው ሦስት። አንዷ ቀዳዳ ከፍታ ማታውን ሙሉ ዝም ያለችብኝ ነበረች፤ ጣቴ ቢቆረጥ ባይጽፍልኝ ኖሮ ቅርፊቷን ልጬላት ነበር። አሁን ከሰባቱ የትኛዋ እንደሆነች መለየት አልቻልኩም። ስምንተኛው እንቁላል ሳይሰነጠቅ ቀረ። ዛሬ ጠዋት ልጆቿን ይዛ ስትወርድ ዞራ እንኳን አላየችውም። ጆሮዬ ላይ አደረግኩት፣ መብራት ላይ አየሁት፣ ምንም።

ሽቦውን አንስቼ ከሌሎቹ ጋር ልቀላቅላቸው? አውራውስ?

የቆጥ ጎረቤት፦

እንኳን ደስ ያለህ! ለጊዜው በሽቦ አጥር ለይተህ እንዲተያዩ ብቻ አድርግ። አውራው ብዙ ጊዜ ግድ የለውም፣ የሚነቁሩት ሴቶቹ ናቸው። እሷም ዝም አትልም፣ ግን ሰባት ልጅ ይዛ ከአራት ጋር መጣላት ይከብዳታል። መኖውም ቢሆን ከተቀላቀሉ ትልልቆቹ ይጨርሱባቸዋል። ጭዱን ደረቅ አድርገው። ኩሳቸው ላይ ደም ካየህ ግን ነገ ዛሬ ሳትል የእንስሳት ሐኪም አሳይ፣ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ጫጩት ላይ ፈጣን ነው። እግረ መንገድህንም ስለ ክትባት ጠይቀው።

ጣቴ ቢቆረጥ፦

ጠጠሩስ?

ጀማሪው፦

አለ። አንዷ አሁን ላዩ ላይ ቆማ ውሃ እየጠጣች ነው።